ሳልለካ የገዛሁት መነጽር

መነጽሬን በኢንተርኔት ከውጭ አገር ያስመጣሁት ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ለሰው ሁሉ ግን የምለው እንደዚያ ነበር፤ ለባለቤቴ፣ ለመምህራኑ፣ ከአዘዞ ፒያሳ ስመላለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለሚቀመጠው ሁሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ፒያሳ መነጽር ቤት የከፈተችው ሴት የድሮ ተማሪዬ ናት። እሷ ፊት ቁጭ ብዬ ዓይኔን መመርመር ፈራሁ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በአንድ ክፍል ሰማንያ ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ ሦስትም አራትም ይቀመጣል። ፈተና የምናባዛበት ወረቀት ስላልነበረን ጥያቄውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ተማሪው እየገለበጠ ይሠራል። ልጅቱ በከተማው ከድሮ ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ ከኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነበረች። ቁመቷ ረዘም ስለሚል የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ።

አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ሳርም የእሷ ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት «ስምንት ኤክስ ሲደመር ስድስት፣ እኩል ይሆናል ሠላሳ» ነው፤ መልሱም ሦስት። እሷ «ሦስት ኤክስ» ብላ ጽፋ መልሷን ስምንት አድርጋዋለች። ከአምስቱ ጥያቄዎች ሦስቱ እንዲሁ ነበሩ። አሠራሯ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንከን አይወጣለትም፤ ጥያቄው ግን የእኔ ጥያቄ አይደለም።

ወዲያው ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። በዚያው ቀን ጠዋት ለሌላ ክፍል ተመሳሳይ ፈተና ቁጥሩን እየለዋወጥኩ ሰጥቼ ነበር። ስለዚህ ይህች ልጅ የዚያን ክፍል መልስ ከጓደኞቿ ለቃቅማ፣ አጥንታ ገብታለች ማለት ነው። የዚያኛውን ክፍል ጥያቄ አውጥቼ ባስተያየው ኖሮ እንደማይገጥም ባየሁ ነበር። አላስተያየሁም። ንዴቴ ከእርሳሴ ይቀድም ነበር።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አስነሳኋት።

«ይሄን ጥያቄ ከየት አመጣሽው?»

«ከሰሌዳው ነው፣ መምህር።»

ያን ቀን የጻፍኩት ሌላ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ነበር። በጣቴ አሳየኋትና «እስቲ አንብቢው» አልኳት። ዓይኗን አጥብባ፣ አንገቷን ወደፊት አስግጋ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «አይታየኝም» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። «ለስርቆት ሲሆን ይታይሻል፣ ሲጠይቁሽ ይጠፋብሻል?» አልኩና እጇን አስዘርግቼ በእንጨት ማስመሪያዬ ሁለት ሁለት ጊዜ መታኋት። ወረቀቷ ላይ በቀይ ዜሮ አደረግሁ። አባቷንም አስጠራሁ።

አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። እኔ በዕድሜ ልጃቸው ብሆን ነው፤ እሳቸው ግን ቆመው ነው ያዳመጡኝ። ስጨርስ «መምህር፣ ልጅዎ ናት፣ ይቅጧት። ዓይኗን ብቻ አደራ» አሉኝ። ያኔ ወላጅ ልጁን ለመምህር ሲሰጥ እንዲህ ይል ነበር፤ ዱላ እንዳያርፍበት። እኔም «አያስቡ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጅቱ ወፍራም መነጽር አድርጋ መጣች፤ አባቷ አዲስ አበባ ወስደው አሳይተዋት ኖሯል። የሚቀጥለውን ፈተና አምስት ከአምስት አገኘች። መምህራን ክፍል ውስጥ ያንን ወረቀት ሳርም ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ ቆመ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሁለትና ሁለትን መደመር አላቃተኝም። ስምንት ከሩቅ ለደከመ ዓይን ሦስት እንደሚመስል ገባኝ። ልጅቱ ያኔም የሠራችው ትክክል ነበር።

ምን አደረግሁ? ምንም። ማርክ ተመዝግቦ አልቋል አልኩ። ተማሪን ይቅርታ መጠየቅ መናቅን ያመጣል አልኩ። ዓመቱ አለቀ፤ እሷም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች።

ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ የእኔ ዓይን በተራው ከዳኝ። ለሩቁ አንድ መነጽር ነበረኝ፤ ለቅርቡ ከመንገድ ዳር አንድ ገዛሁ። መጽሐፉን ሳይ አንዱን አወልቃለሁ፣ ሰሌዳውን ሳይ ሌላውን አጠልቃለሁ፤ ተማሪዎቹ ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ እየቆጠሩ ይስቁብኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ሄጄ ስመረመር ሐኪሙ ከላይ ሩቁን፣ ከታች ቅርቡን የሚያሳይ፣ መሐሉ ላይ መስመር የሌለው መነጽር እንዳለ ነገረኝ። የዓይኔን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈልኝና «ይሄ መነጽር ልኬት ይፈልጋል። ፒያሳ አንዲት ልጅ አለች፤ እንደ እሷ ተጠንቅቆ የሚለካ የለም» አለኝ።

የትኛዋ ልጅ እንደሆነች አውቅ ነበር። በሱቋ መስታወት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ያ ቁመት፣ ያ ወፍራም መነጽር። በዚያ ሳልፍ መንገድ እሻገር ነበር።

ስለዚህ ጀርመን ለምትኖረው የወንድሜ ልጅ በኢንተርኔት እንድታዝዝልኝ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። «አጎቴ፣ ድረ ገጹ በሁለቱ የዓይንህ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ይጠይቃል» አለችኝ። ባለቤቴን ጠርቼ የተማሪ ማስመሪያ አስያዝኳት።

«ዓይንህን አታርገብግብ!»

«ማስመሪያውን አፍንጫዬ ውስጥ አትክተቺው እንጂ!»

እንደዚያ እየተጨቃጨቅን ለካች፤ ቁጥሩን ላክሁ። ዓይኔ በመነጽሩ መስታወት ላይ በየትኛው ከፍታ እንደሚውል ግን የጠየቀኝም የለም፣ የጠየቅሁትም የለም።

መምህራን ክፍል ውስጥ «ምነው እዚሁ ፒያሳ አታሠራም?» ሲሉኝ ዝም ብል ምን ነበረበት? «እነሱ ነጋዴ ናቸው፤ ልኬት የት ያውቃሉ!» አልኩ። የሌላውን እንጀራ እንደምነካ እያወቅሁ ነው ያልኩት። አንድ ባልደረባዬ አሮጊት እናቱን ወደ እሷ ሊወስድ አስቦ ነበር፤ የእኔን ቃል ሰምቶ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ድረስ ወሰዳቸው። እናቱ መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሳቸው እንደዋሉ ሲነግረኝ «አይ፣ ለዓይን ሲባል» ብዬ አለፍኩት።

መነጽሩ በሰው እጅ መጣ። ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው፣ ማኅደሩም ያምራል። ሳደርገው ግን መሬቱ ይዋልላል። ለማንበብ አገጬን ወደ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። «መምህር ዘንድሮ ምነው ኮሩብን!» ይሉኝ ጀመር፤ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ቁስቋም ለንግሥ ሄጄ ደረጃው ላይ እግሬ ሲርበተበት በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው አወረዱኝ። «ይለመዳል» እያልኩ ለባለቤቴ አሞካሸሁላት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ፤ የእኔም ነገር እንደዚያ ነበር።

ከዚያ ፈተና መጣ። የአሥራ አንድ ተማሪ ወረቀት አበላሽቼ አርሜ ኖሯል፤ ስምንቱን ሦስት፣ ስድስቱን ዜሮ እያልኩ። ልጆቹ ለእኔ መናገር ፈርተው ወደ ርእሰ መምህሩ ሄዱ። ርእሰ መምህሩ ወጣት ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸውና መሬት መሬት እያየ «መምህር፣ ለምን ቤተ መጻሕፍት አይመደቡም? ትንሽ ቢያርፉ...» አለኝ። ለአንድ ሳምንት እንዲታገሠኝ ለመንኩት። ከሰሌዳ ከራቅሁ ምን እሆናለሁ? ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

በማግስቱ ፒያሳ ሄድኩ።

ገና ስገባ ከወንበሯ ተነሣች። «መምህር! ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። መነጽሬን ተቀብላ መስታወቶቹ ላይ፣ ብሌን ሊውልበት በሚገባው ቦታ፣ በቀለም አንድ አንድ ነጥብ አደረገችና መልሳ አጠለቀችልኝ። መስታወት ስታሳየኝ ሁለቱም ነጥቦች ከዓይኔ ብሌን ሸሽተው ወደ አፍንጫዬ ተጠግተዋል።

«ማነው የለካዎት?»

«ባለቤቴ ናት» አልኩ። በሚስቴ አላከክሁ። ኋላ ቤት ገብቼ ማስመሪያውን ሳየው ከጫፉ እስከ ዜሮው ትንሽ ባዶ ቦታ አለው፤ እሷ ከጫፉ ጀምራ ነው የለካችው። ለሠላሳ ዓመት «ከጫፍ ሳይሆን ከዜሮ ጀምሩ!» እያለ የጮኸው ሰውዬ ስትለካ ፊት ለፊቷ ተገትሮ ነበር።

ልጅቱ ከኪሷ አጭር ማስመሪያ አውጥታ ወደ ፊቴ ስታስጠጋ ሳላስበው ሸሸሁ። «አይዞዎት» አለችኝ። ለካች፤ የዓይኔንም ከፍታ ለብቻው ለካች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አሳየችኝ፤ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች በየመስመሩ እያነሱ ይወርዳሉ። የሹካው ጥርስ ወዴት እንደዞረ መናገር ነው። የላይኞቹን አወቅሁ። ዝቅ ስንል ጠፋብኝ። እንደ ፈተና ቆጥሬው መሰለኝ «ግራ... ላይ... ቀኝ» እያልኩ ቀጠልኩ።

«መምህር፣ ይገምታሉ መሰለኝ» አለችኝ። «ካልታየዎት አልታየኝም ይበሉ። እዚህ ቤት አያስመታም።»

ፊቴ ጋለ። ሃያ ምናምን ዓመት ቋጥራ ይዛ ዛሬ ተራ በሚጠብቁት ሰዎች ፊት አወረደችብኝ አልኩ በልቤ። አጥፍቼ ሳለ የተቆጣሁትም እኔ ነኝ። የቀረውን በአጭር በአጭር መልሼ፣ አዲስ መነጽር አዝዤ፣ በቅጡ እንኳ ሳልሰናበታት ወጣሁ። ለባለቤቴም «ባለጌ ናት» አልኳት።

በሳምንቱ መነጽሩ ደርሷል ተብሎ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ከአይከል በኩል የመጡ አንድ አረጋዊ ገበሬ ተቀምጠዋል፤ እኔ አግዳሚው ላይ ተራ ጠበቅሁ። ሽማግሌው ለሁሉም መስመር አፋቸውን ሞልተው ይመልሳሉ፤ ሁሉንም ይስታሉ።

«አያ፣ ይገምታሉ መሰለኝ» አለቻቸው። «ካልታየዎት አልታየኝም ይበሉ። እዚህ ቤት አያስመታም።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ሸጋ! ምነው ታዲያ ቀድሞውን አትነግሪኝም፣ ልጄ? ከሁለተኛው መስመር በታች አልታየኝም።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮም እየሳቀች «ለእኔም እንዲሁ ነው ያለችኝ፤ ለሁሉም እንዲህ ትላለች» አለችኝ።

ለሁሉም። እኔን ለመውጋት አልነበረም፤ ምነው በሆነ ኖሮ! ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ፣ ከቆላ ከደጋ የመጣው፣ ስለዚያች ቀን ምንም የማያውቀው፣ የእኔን ማስመሪያ ከራሱ ላይ ስታነሳለት ነው የኖረችው። እኔ «ልኬት የት ያውቃሉ» ያልኩባት ሴት።

ተራዬ ደረሰ። አዲሱን መነጽር በሁለት እጇ ይዛ ልታጠልቅልኝ ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽማግሌው አልወጡም፤ ሴትዮዋም እየሰማች ነው።

«ያ ፈተና» አልኩ። «ስምንቱን ሦስት ብለሽ የጻፍሽው። የሠራሽው ትክክል ነበር። ያለ ጥፋትሽ መታሁሽ። ኋላም አውቄ ዝም አልኩ። ይቅር በዪኝ።»

መነጽሩን አጠለቀችልኝ፣ እጀታዎቹን ከጆሮዬ ኋላ አስተካከለች።

«ትክክል እንደነበር አውቃለሁ፣ መምህር» አለችኝ። «ያኔም አውቅ ነበር።»

ከዚያ «እስቲ ዓይንዎን ይግለጡ» አለችኝ። ገለጥኩ። መነጽሩ ልክ ነበር፤ በሩም፣ ሽማግሌውም፣ እጄም ጥርት ብለው ታዩኝ። የእሷን ፊት ግን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።