የሼህ ይማም መንጋጋ

ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጉጠት አላስያዙኝም። የበሽተኛ ራስ ያዝ ተባልኩ። ጣሊያናዊው ሐኪም ከፊት ሆኖ ጥርስ ይነቅላል፣ እኔ ከኋላ ግንባርና አገጭ አጥብቄ እይዛለሁ። ጣሊያን ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ የተቀመጠበት ጊዜ ነው። በሽተኛው ሐኪሙን አያምንም፣ ሐኪሙ እኔን አያምንም፣ እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ማንንም አላምንም። ለጥርስ ሥራ ይህ ክፉ ጠባይ አይደለም።

መጀመሪያ መጠራጠር የለመድኩት የበሽተኛውን ጣት ነው። ይቺ ናት ብሎ ያሳያል፤ በብረት ዘንግ ቀስ አድርገህ ስትነካካ የሚያስጮኸው ግን ጎረቤቷ ናት። አንዱ ጥርሱ ተቦርቡሮ፣ ሌላው ቆሎ ሲቆረጥም ተሰንጥቆበት፣ ሌላው ድዱ መግል ቋጥሮ ይመጣል። ሁሉም የሚያወራው ግን ስለ ትል ነው።

በአገራችን ጥርስ የሚበላው ትል ነው ይባላል። መድኃኒቱም የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጨምሮ፣ ከአጠገቡ ውሃ አስቀምጦ፣ አፍ ከፍቶ መታጠን ነው። ውሃው ላይ ነጫጭ ነገር ሲንሳፈፍ ትሉ ወጣ ይባላል። እኔም ጠርጥሬ አንድ ቀን ብቻዬን ፍሬውን ፍም ላይ ጨመርኩና አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያው ነጫጭ ነገር ውሃው ላይ መጣ። ከፍሬው ሆድ እየፈነዳ የሚወጣ ነበር። ብናገር ግን የሚሰማኝ አልነበረም።

ደሴ ሆጤ ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት ሼህ ይማም ታች መንጋጋቸውን ሲያማቸው የታጠኑት ይህንኑ እምቧይ ነው። ስንት ቀን ያንቆራጠጣቸው ሕመም ድንገት ጸጥ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ አሉኝ። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ጥርስ ውስጡ ሲሞት ሕመሙ ይጠፋል፤ መግሉ ግን ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ቤት ሲመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህንኑ ብነግራቸው ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጤናም ያስጠረጥርሃል?» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ዘሀራ እየሮጠች መጣች። አባቷ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸዋል። ሄጄ ሳያቸው ከመንጋጋቸው ሥር እስከ አንገታቸው አብጦ ጠንክሯል። ጉንጫቸው ላይ ትኩስ ጨው በጨርቅ አስረውላቸው ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ ሙቀት መግሉን ወደ ቆዳ ስለሚስብ አስፈታሁት። ለብ ባለ የጨው ውሃ አስጉመጠመጥኳቸው፣ ጥርሱ ላይ ቅርንፉድ አስያዝኳቸው። ይህ ማስታገሻ ነው እንጂ አያድንም። እብጠቱ ጉሮሮአቸውን ቢዘጋው እንደሚሞቱ አውቅ ነበርና ፈራሁ። ዛሬውኑ ኮምቦልቻ ወርደው ይነቀል አልኩ።

ሼህ ይማም አሻፈረኝ አሉ። የፈሩት ጉጠቱን አልነበረም። ሐኪሙ የነቀለውን ጥርስ ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ እንደሚያጠራቅም ወሬው ሆጤ ደርሷል። በእነሱ ዘንድ ጠጉርም፣ ጥፍርም፣ ጥርስም ባለቤቱ ራሱ ይቀብረዋል እንጂ ለባዕድ አይተውም፤ መተት ይሠሩበታል። ወሬው ውሸት ነው እንዳልላቸው ጠርሙሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሚያጠራቅመው እኔም አላውቅም፣ እኔም እጠረጥር ነበር።

«ጥርሴን በእጄ ካላስረከበኝ፣ ወላሂ አልወርድም» አሉ። አስረክብዎታለሁ ብዬ ማልኩ።

በካሚዮን ወረድን። ሐኪም ቤቱ በር ላይ የቆመው ወታደር ሼህ ይማም ፊታቸውን በጋቢ መጠቅለላቸውን ሲያይ ጠመንጃውን አዞረብን። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ፊቱን የሸፈነ ሁሉ ሽፍታ ይመስለዋል። ጋቢውን በራሱ እጅ ገለጠና እብጠቱን ሲያይ ወደ ኋላ ብሎ አሳለፈን።

በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ ጥርሱ ለሰውየው ይሰጥ ብዬ ለመንኩ። ሐኪሙ ምን ልታደርጉበት ነው ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። ሊቀብሩት ነው አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና የማደንዘዣ መርፌውን ወጋቸው። ሲነቅል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥርሱን ሼህ ይማም መዳፍ ላይ ጣለላቸው፣ አለቀ አለ፣ ቀጣዩን ጥራ አለኝ።

ሼህ ይማም አልተነሡም። አፋቸው ደም እንደሞላ ጥርሱን አገላብጠው አዩት።

«ጎዶሎ ነው» አሉኝ። «አንዱን እግሩን ቆርጦ አስቀርቶብኛል። ለጠርሙሱ ነው። ይመልስ በለው።»

ጥርሱን ተቀብዬ አየሁ። የታች መንጋጋ ሁለት ሥር አለው፤ በእጄ ያለው አንዱ ብቻ ነበር፣ የሌላው ቦታ ስብራቱ ነጭ ነው። ለሐኪሙ አሳየሁት። መስተዋቱን አንሥቶ አፋቸውን አየ፣ ቀጭኑን መፈልቀቂያ ብረት ያዘ፣ እኔም ራሳቸውን ያዝኩ። የቀረው ሥር ሲወጣ መግሉ ተከትሎት ፈሰሰ። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያሰኘኝ ሽታ የለም። ሐኪሙ አፋቸውን አጠበላቸው። ማታ ቤታቸው ገብተን ዘሀራ ውሃ ስትሰጣቸው ዋጡ።

ሼህ ይማም ጥርሱንም ሥሩንም ጓሯቸው ቀበሩ። ሥሩ አፋቸው ውስጥ ቀርቶ እንደነበር ግን እስኪሞቱ አላመኑኝም። ጣሊያን የሰረቀኝን ይህ ልጅ አስመለሰልኝ እያሉ ለሰው ያወሩ ነበር።

ጉጠቱ ለእኔ ከደረሰኝ በኋላ የነቀልኩትን ጥርስ ለባለቤቱ እሰጣለሁ፣ ሥሩንም አብረን እናያለን። ለእናንተ ለጀማሪዎች የምለው ይኸው ነው። ሕመሙ ስለጠፋ ጥርሱ ዳነ አትበሉ። ጥርሱ ስለወጣም ሥራው አለቀ አትበሉ።