ያልተከረከሙት ስምንት ረድፎች

አክስቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የወይን ሐረግ ስትከረክም ኖራለች። ቀኝ እጇ የመቀሱን ቅርጽ እንደያዘ ቀርቷል፤ ብርጭቆ ስታነሳ እንኳ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህን የምጽፈው እሷን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ተናድጄ ነው። ግማሹ ንዴቴ ደግሞ በራሴ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ።

እርሻው ተዳፋት ላይ ነው። ከታች ያለውን ጎድጓዳ ማሳ ችግኝ በችግኝ የተከሉት አክስቴና ነፍሱን ይማረውና ባሏ ናቸው፤ መሬቱ የሌላ፣ ጉልበቱ የእነሱ። ቅዝቃዜ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል። ስለዚህ ያንን ማሳ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትከረክመው። ቶሎ የተከረከመ ሐረግ ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ቶሎ ያቆጠቆጠውን ደግሞ ውርጭ ይበላዋል።

ሽማግሌው ባለቤት ሲሞት እርሻውን ልጁ ወረሰ። ወራሹ ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ። እኔ አልልም። መጥቶ ብዙ ሳይቆይ አንድ አማካሪ ቀጠረ፤ አማካሪውም ጎብኚዎች ስለሚመጡ ማሳው እንዳይዝረከረክ ብሎ ሁሉም በአንድ ሳምንት እንዲከረከም አዘዘ።

"ጌታዬ፣ የታችኛው ይቆይ፤ ውርጭ አለበት" አለችው አክስቴ ወራሹን።

"እማማ፣ እርስዎ ይቁረጡ፤ የአየሩን ነገር ለእኛ ይተዉልን" ብሎ ሳቀ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው።

ቆረጠች። ምን ታድርግ? ከታችኛው ማሳ ስምንት ረድፍ ሲቀር ግን መቀሷን ሽርጧ ኪስ ከተተችና "እነዚህን ማንም እንዳይነካቸው" ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ከርካሚዎቹን ሁሉ እጃቸውን ይዛ ያስተማረቻቸው እሷ ናትና አንድም የነካ አልነበረም። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት፤ ከክርከማ ተነስታ ሣጥን አጣቢ ሆነች። የሠላሳ አንድ ዓመት እጅ የፕላስቲክ ሣጥን ይጠብ!

ከአምስት ሳምንት በኋላ ውርጩ መጣ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ጠዋት ስንሄድ ታችኛው ማሳ ላይ ያቆጠቆጠው ሁሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ስምንቱ ረድፎች ግን ገና አላቆጠቆጡም ነበርና ምንም አልሆኑም። ደስ ያላት መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በተቃጠሉት መሀል ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። "ልጆቼን ፈጁብኝ" አለች። የተረፉትን በእረፍት ቀኗ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ራሷ ከረከመቻቸው።

እኔ የምሠራው ማሸጊያ ክፍል ነው፤ ጠርሙስ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። ከእነዚያ ረድፎች የተጠመቀው ወይን በዚያው ዓመት የአዲስ ወይን ውድድር ላይ አንደኛ ወጣና አዲስ ወረቀት ታተመለት። ላዩ ላይ የወራሹ ፎቶ፤ ከሥሩ ደግሞ፦ "ውርጩን ቀድሞ አውቆ ስምንት ረድፎችን ሳያስከረክም ያቆየ ባለ ራእይ" የሚል ጽሑፍ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ደሜ ፈላ። ከዚያስ? ከዚያማ ለጠፍኩት። እንዳልባረር ፈርቼ፣ አንድ በአንድ፣ ሳላጣምም ለጠፍኩት። እስካሁን ያቃጥለኛል።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። አንድ ጠርሙስ ወስጄ ጽሑፉን አነበብኩላት። ሰማችኝና ጠርሙሱን ተቀብላ በጣቷ ወረቀቱን ዳሰሰችው።

"አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?"

"አዎ እትዬ።"

"ቀጥ አድርገሽ ለጥፈሻል" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት የክርከማ ወቅት ሲደርስ አማካሪው ተባሮ ነበር። ከቀሩት ከርካሚዎች አንዱም የሚጀመርበትን ቀን ለመቁረጥ አልደፈረም። ወራሹ ራሱ ሣጥን ማጠቢያው ድረስ መጣ። እኔም ባዶ ጠርሙስ ልወስድ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። የሚያብረቀርቅ ጫማውን ከውሃው እያራቀ ትንሽ ቆመ።

"እማማ፣ የታችኛውን ማሳ መቼ እንጀምር?" አላት።

አክስቴ ማጠቡን አላቆመችም።

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ" አለችው። "ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሰውዬ ጠይቀው።"