የጎረቤት በርበሬ የመሰለኝ ጭስ

ዛሬ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ በርበሬ ሲቆላ አሳለኝና ያ ቀን መጣብኝ።

ያኔ ልጅ እግር እናት ነበርኩ። ለጥቁር ነፃነት እንታገላለን ብለው ባንድ ቤት የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቼ የሦስት ዓመት ልጄን ይይዙልኝ ነበር። የከተማው አስተዳደር ቤቱን ልቀቁ ሲላቸው እምቢ ብለዋል።

ያን ቀን ቤቴ ሳለሁ ድንገት ሳል ያዘኝ። «ማነው መስኮት ሳይከፍት በርበሬ የሚቆላው?» እያልኩ ብወጣ፣ ፖሊሶች ጭምብል አጥልቀው የጎረቤቶቼን ቤት ከበዋል። ለካ ፖሊሶቹ የተኮሱት አስለቃሽ ጭስ ነው። ልጄም እዚያው ናት።

አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩት እንጃ። ከነሱ መሃል ማማ የምንላቸው አሮጊት ልጄን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው በጓሮ መስኮት አቀበሉኝ።

«ማማ፣ እርስዎም ይውጡ እንጂ!»

«እኔ ቤቴ ነኝ፤ አንቺ ሩጪ።»

ተኩሱ ከኋላዬ ሲንጣጣ ፒኮ ጎዳና ድረስ በረርኩ፤ አውቶቡስ ቆመልኝ። በሩ ሲዘጋ ልጄ «ማሚ፣ ጫማዬ ቀረ» አለችኝ።

የማማን መጨረሻ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኛ ግን ተርፈናል።