የአያቴ ቮልስ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። አያቴ የሞቱ ሰሞን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ግቢያችን ውስጥ ቆማ የዛገችውን የአያቴን ቮልስ በእግሩ ነካ አደረገና "ይቺ ለዶሮ ቤት ትሁናችሁ" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

እኔና አባቴ ዶሮዎቹን አስወጥተን መጠገን ጀመርን። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ሞተሩን ሲፈታ እኔ ዝገቱን እፈገፍጋለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ቮልሷ ተነሳች፤ መንዳትም በእሷ ተማርኩ።

ወሬው ሰፈራችንን ሲቀላን አዳርሶ አጎቴ ጆሮ ገባ። "የአባቴ ንብረት ናት፤ ለታላቅ ልጅ ትገባለች" ብሎ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አባቴ እምቢ ሊል ቆርጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ገና በሩ ላይ እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩ። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ደግሞ ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ ማለት ነውር ነው።

"ዶሮ ቤት ያላት እሱ አይደል እንዴ?" አልኩ።

"አንቺ ዝም በይ!" አለኝ አባቴ። ቁልፉንም ከኪሱ አውጥቶ ለአጎቴ ሰጠው።

አጎቴ ለካ መንዳት አይችልም። ሴቻ ያለው ቤቱ ድረስ እኔው እንዳደርስለት ተፈረደብኝ። እሱ ከኋላ ተንደላቅቆ ተቀመጠ፤ አባቴ ከጎኔ ሆነ። የሴቻን ዳገት ስንጀምር ማርሹ ትንሽ ጮኸ። አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፦

"ቀስ በይ እንጂ አንቺ ልጅ! መኪናዬን ልትሰብሪብኝ ነው?"