የእርድ ቢጫ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ እጄ ውሃ ውስጥ እንዳለ አለቀ። ዴንቨር ዳርቻ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ባለች፣ ከዕፅዋት በሚወጣ ቀለም ጨርቅ በምታትም ትንሽ ድርጅት ውስጥ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከዚያ በፊት ዳውንታውን ዴንቨር በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የጥጥ ጨርቁ መጀመሪያ በሸብ ውሃ ይነከራል፤ ቀለሙን የሚይዘው ሸቡ ነው። ሲደርቅ ፕሪንተሩ ላይ ይወጠራል፣ ይታተማል፣ በእንፋሎት ይታጠናል፣ ከዚያ ይታጠባል። ቀለሙ በደንብ ካልተጣራ የፕሪንተሩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ያን ቀን ሁላችንም እንኮራረፋለን።

ቀለም የምትቀምመው ሮዛ ነበረች። ማሽኑን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ስሳሳት አትቆጣም፣ ትስቃለች፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት በእሷ ምስክርነት የፕሪንተሩ ኦፕሬተር ሆንኩ።

ኦፕሬተር በሆንኩ በሦስተኛው ሳምንት አለቃችን ግሬግ ትልቅ ትእዛዝ ይዞ መጣ። ያ የድሮ ሆቴሌ ቢጫ አበባ የታተመበት የጨርቅ ናፕኪን ፈልጓል። ሮዛ ከሽንኩርት ልጣጭ ያወጣችውን ቢጫ አሳየችው።

"ደብዛዛ ነው" አለ። ከእርድ ያወጣችውን ሲያይ ግን ፊቱ በራ። "ይኸው! ቴስት አድርጊው።"

በለስላሳ ሳሙና አጠበችው። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም።

እኔ ግን የሆቴሉን ሳሙና አውቀዋለሁ፤ ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ ኃይለኛ ነው። እርድ ያለበት የአልጫ ነጠብጣብ እንዲህ ያለ ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላም አውቃለሁ። ወጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዝም አልኩ። የወጥ ቤት ወሬ ይዤ ብነሳ ወደ ማጠቢያው የሚመልሱኝ መሰለኝ። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ናፕኪኖቹ ሆቴሉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በታጠቡ ዕለት ጋሽ ታደሰ ደወሉልኝ። አሁንም እዚያው ማጠቢያ ክፍል ነው የሚሠሩት።

"ልጄ፣ እነዚህን ናፕኪኖች ያተማችሁት እናንተ ናችሁ?"

"አዎ ጋሼ፣ ምነው?"

"አበቦቻችሁ ቲማቲም መስለው ወጡ እኮ! ማናጀሩ ፎቶ እያነሳ ነው።"

ግሬግ ሮዛን ከሥራ አሰናበታት፤ ቀለሙ አይለወጥም ብላ ቴስቱ ላይ የፈረመችው እሷ ነበረች። ዕቃዋን ስትሰበስብ ቆሜ አየኋት። ያኔም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸም።

"ለምን ሳይታተም አልነገርሽኝም?"

"ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ።"

እዚያው ፊቴ ለሮዛ ደወለላትና እንድትመለስ ጠየቃት። አመስግና እምቢ አለች። በኋላ እኔም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

"ሶሪ ማለትሽ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ግን ቴስት ሳደርግ አጠገቤ ነበርሽ እኮ።" ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

አሁን አዲስ ኦፕሬተሮችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ማንኛውም ናሙና ደንበኛው በሚጠቀምበት ሳሙና ይታጠባል። ለሠልጣኞቹም እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የምታውቁትን ጨርቁ ማሽኑ ላይ ሳይወጣ ተናገሩ። ከወጣ በኋላ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።