እናቴ ጆሮዋን እንደገና የተበሳችበት ሰሞን

አባቴ የተቀበረ ዕለት እናቴ ሎቲዎቿን ከጆሮዋ አውልቃ በመሐረብ ቋጠረች፤ ጥቁርም ለበሰች። ይህ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ወርቅ አታደርግም። ዓመቱ ሞልቶ ተዝካሩ ሲወጣ ግን ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይለምናል፣ ሐዘንተኛዋም እሺ ብላ ጥቁሩን ታወልቃለች። እናቴንም ለመኗት። የንስሐ አባቷም ለመኗት። “ቆይ እስቲ” አለች። ያ “ቆይ እስቲ” ዓመታት ፈጀ። ፀጉሯ ሸበተ፣ ስኳር በሽታ ያዛት፣ የጆሮዋም ቀዳዳ ቀስ በቀስ ገጠመ።

እኔ ያኔ ፍራንክፈርት፣ ጻይልስሃይም የሚባል ሰፈር ነበር የምኖረው። ሥራዬ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሲሆን ታናሽ እህቴ ደግሞ አየር ማረፊያ በጽዳት ትሠራ ነበር። በፈረንጆቹ 2011 ዓ.ም. እህቴ ልታገባ ሆነና እናታችንን ለሠርጉ አስመጣናት። ሠርጉ ገና ስለነበር ክረምቱን ሙሉ እኔ ጋ ልትከርም ነው።

አየር ማረፊያው በር ላይ ብቅ ስትል ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች፤ ሻሿ ሳይቀር። እህቴ እየሳቀች አቀፈቻት። ሻንጣውን መኪና ላይ ስንጭን ግን ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ “አባት የለኝም። እናቴም ለቅሶ እንደመጣች ሆና ነው ከጎኔ የምትቆመው?” አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እናቴ ትስማ አትስማ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም።

አንድ ጠዋት ስኳሯን እየለካሁላት ሳለ፣ “ጆሮዬን የሚበሳኝ ሰው ፈልጊልኝ” አለችኝ።

“በዚህ ዕድሜሽ?”

“ሙሽራዋ አባት የላትም። እናቷም ሐዘንተኛ ከሆነች ማን ሊድራት ነው?”

“ታዲያ ጥቁሩን ብቻ አታወልቂም? ጆሮሽን ምን ያስነካሻል?”

“ጥቁሩ ልብስ ነው፤ ማንም ያወልቀዋል። ጆሮዬ ግን በሱ ሞት ነው የገጠመው። እሱ ተከፍቶ ሲድን ያን ጊዜ አወልቃለሁ።”

እናቴን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ስትል ወሬው እንዳለቀ ያውቃል። እኔ ግን ፈራሁ። በሥራዬ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ትንሽ ቁስል ምን እንደምታደርግ አይቻለሁ፤ ጫማ የላጠው ተረከዝ ወራት አልድን ብሎ ሲያስለቅስ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና፣ “እንግዲያው ሐኪሙን እንጠይቃ” አለች። ሐኪሙ መረመራት፤ ስኳሯ ዝቅ ብሎ ከቆየና በንጹሕ ቦታ በንጹሕ እጅ ከተሠራ እንደማይከለክል፣ ቀይ ሆኖ ቢያብጥ ግን ሳይውል ሳያድር እንድናመጣት ነገረን።

እናቴ በሐኪም ፊት “እሺ፣ እሺ” ብላ ቤቷ ስትገባ ሻይዋን እንደ ሽሮፕ የምታጣፍጥ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስኳር አልነካችም። መራራ ሻይዋን ፊቷን አጨማዳ ትጠጣለች፤ እኔም በየጠዋቱ እለካታለሁ፤ ቁጥሩ እየወረደ መጣ። ሐኪሞች ለሕይወቷ ብለው ሲለምኗት እምቢ ያለችውን ለጆሮዋ አደረገችው። ተናደድኩባትም፣ አደነቅኳትም፤ የቱ እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ።

እኔ እንደሆነ ወደ አንድ ወርቅ ቤት ወስጄ በዚያ ሽጉጥ በሚመስለው መሣሪያ ጠቅ አስደርጌ ልመልሳት ነበር ሐሳቤ። እህቴ እምቢ አለች። “ሽጉጡ በደንብ አይጸዳም፣ ሥጋውንም ይጨፈልቃል። መርፌ የምትጠቀም አውቃለሁ፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ ይዤላታለሁ” አለችኝ።

ሦስታችንም ሄድን፤ ቦታው ከዋናው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ጆሮ የምትበሳው ሴት ጎልማሳ ጀርመናዊት ናት፤ ከእጇ ጀምሮ እስከ አገጯ ድረስ ተነቅሳለች፤ አበባ፣ ወፍ፣ ቅጠል። እኔ እናቴ ደንግጣ ትመለሳለች ብዬ ነበር። የረሳሁት ነገር እናቴ ራሷ የጎንደር ልጅ መሆኗን ነው። ሻሿን ፈታ ስታደርግ አንገቷን እንደ ድሪ የዞረው ንቅሳት ብቅ አለ። ሁለቱ ሴቶች አንዷ የሌላዋን አንገት ቆመው አዩ።

“ስትነቀስ ማን እንደያዛት ጠይቂያት” አለችኝ እናቴ። “እኔን አክስቶቼ ናቸው እግርና እጄን የያዙኝ።”

ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ሳቀችና በምን እንደነቀሷት ጠየቀች። እናቴ ስለ መርፌውና ስለ ኩራዙ ጥላሸት ነገረቻት። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ፣ ፈቃድ ጠይቃ፣ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኗ ተከተለችው። በእጅ ብቻ እንዲህ የተካከለ ሥራ መሥራት ቀላል እንዳልሆነ ተናገረች። እናቴ ይህን ስተረጉምላት ቀና ብላ ተቀመጠች። እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት ስትመጣ ያን ንቅሳት በነጠላዋ እንድትሸፍነው እለምናት ነበር።

ከዚያ ወደ ሥራ ተገባ። ሴትዮዋ እኔንና እህቴን ትታ እናቴን እያየች ነበር የምትጠይቀው፤ ፍላጎቱ የራሷ ነው ወይ፣ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ፣ ስኳሯ ስንት ነው፣ ሐኪሟ ምን አለ። እጇን ታጠበች፣ ጓንት አደረገች፣ የታሸገውን መርፌ እኛ እያየን ከፈተች። ያ መርፌ ከእናቴ በፊት ማንንም እንዳልነካ፣ ከእናቴም በኋላ እንደሚጣል ነገረችን። እናቴ መሐረቧን ፈትታ የወርቅ ሎቲዎቿን ብታወጣም ሴትዮዋ አልተቀበለችም። ወርቁ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ይደርሳል፤ አሁን የሚያስፈልገው ቆዳ የማያስቆጣ ቲታኒየም ነው፣ ሲያብጥም እንዳያንቅ ዘንጉ ረዘም ማለት አለበት አለች። ከድሮው ጠባሳ ትንሽ ከፍ አድርጋ በቀለም ነጥብ አደረገችላትና መስተዋት ሰጠቻት። እናቴ መስተዋቱን ይዛ ቆየች። የቀኙ ነጥብ ዝቅ ብሏል ብላ አስጠረገችው። እንደገና ተደረገ። እሱንም አየች፤ “አሁን ልክ ነው” አለች።

መርፌው ሲገባ ቅንድቧ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እህቴ ናት ዓይኗን የጨፈነችው።

“እኛ አገር ክር አስገብተን፣ ቅቤ ቀብተን፣ ጠዋት ጠዋት እናዞረው ነበር” አለች እናቴ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ቅቤ የለም፣ ቅባት የለም፣ አልኮል የለም፣ ማዞርም የለም። ጠዋትና ማታ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ከመድኃኒት ቤት በተገዛው ንጹሕ የጨው ውሃ ረጭቶ፣ በንጹሕ ወረቀት ቀስ ብሎ ማድረቅ ብቻ ነው። የደረቀውን ቅርፊት በጥፍር አለመንካት፤ የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ መቀየር፤ ሎቲውን እሷ ሳታየው አለማውለቅ። እናቴ እያንዳንዱን ሰምታ፣ “መርፌዋን ካመንኩ ውሃዋንም ማመን አለብኝ” አለች። እንዳለችውም አደረገች። ጣቷ ለማዞር ወደ ጆሮዋ ሲሄድ ራሷ ትይዘውና ጭኗ ላይ ትመልሰዋለች።

ሴትዮዋ ያላስጠነቀቀችን አንድ ነገር ነበር፤ ደግሞስ ከየት ታውቀዋለች? የእኛን ሰላምታ።

እሑድ ከጀርመኖች ተከራይተን ወደምንቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት። አባቴ ሲሞት ለቅሶ ያልደረሱ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ዓመታት ቢያልፉም ሐዘንተኛዋን ሲያገኟት ማጽናናት አለባቸው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የድሮ ጎረቤታችን አየቻትና እያለቀሰች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ጉንጭ በጉንጭ፣ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ። የጎረቤታችን ነጠላ ዘርፍ ከእናቴ ሻሽ ሥር ገብቶ ሎቲው ላይ ተጠላልፎ ነበርና ስትላቀቅ ጎተተው። እናቴ ትንፍሽ አላለችም። እኔም ያወቅኩት ቤት ገብተን ሻሿን ስትፈታ ደም አይቼ ነው።

“ለምን አልተናገርሽም?”

“ልታጽናናኝ መጥታ ጆሮዬን ቀደድሽው ልበላት?”

በማግስቱ ጆሮዋ ቀልቶ፣ አብጦ ይግላል። እኔ እንደለመድኩት አለቃ ሆንኩ፤ አሁኑኑ ይውለቅ አልኩ። ጆሮዋን በመዳፏ ሸፍና፣ “አይወልቅም” አለች። እህቴ እያለቀሰች፣ “እማዬ፣ ጥቁርሽን ለብሰሽ ዳሪኝ፤ እኔ ምንም አልልም፣ አንቺ ብቻ እንዳትታመሚብኝ” አለቻት። እናቴ ለእሷም አልተበገረችም። ወደ ሐኪሙ ሄድን። አይቶ፣ ነካክቶ፣ ስኳሯን ለክቶ፣ ቁስሉ በመጎተቱ ተቆጣ እንጂ አልመረቀዘም አለ። ስኳሯን እንዲህ ማውረዷ እንደጠቀማት ነግሯት ከሁለት ቀን በኋላ እንድትመለስ አዘዛት። ጆሮ የበሳቻት ሴትም አየቻት። አውልቀነው ቢሆን፣ ውስጡ ቆሻሻ ቢኖርበት ተዘግቶበት ይቀር እንደነበር አስረዳችን። በየቀኑ የጨው ውሃው ቀጠለ፤ እብጠቱም ጎደለ።

ቀሪው ችግር ሰው ነበር። እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳ ካልሳማት ይቀየማል፤ ኮራች ይባላል። እኔ በር ላይ ቆሜ “ጆሮዋን አሟታል፣ አትሳሟት” ልበል አልኩ። እናቴ ሳቀችብኝ። የእሷ ዘዴ ሌላ ነበር። እንግዳው ገና ሁለት እርምጃ ሲቀረው ሁለት እጁን ቀድማ ትይዝና ጎንበስ ብላ እጁን ትስመዋለች። በእሷ ዕድሜ ያለች እናት እጁን የሳመችው ሰው የሚገባበት ይጠፋዋል፤ “ኧረ እርስዎ፣ ኧረ በሞቴ” እያለ ጉንጯን ይረሳዋል። ጎረምሶች ሳይቀሩ ቀልተው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ማንም ሳይቀየም፣ ጆሮዋም ሳይነካ ክረምቱ አለቀ። “እንዴት ትሑት እናት አለቻችሁ” ይሉናል፤ እኛ ከእህቴ ጋር ማድቤት ገብተን እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር ግን ኮርቼባት ነበር፤ አሁንም እኮራባታለሁ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት ጆሮ የበሳቻት ሴትዮ ጋ ተመለስን። ብርሃን አብርታ ሁለቱንም ጆሮ ከፊትም ከኋላም አየች። ድኗል፤ ውስጡ እስኪጠነክር ግን ወርቁ ትንሽ ይቆይ አለች። እናቴ አልተከራከረችም። ቤት ገብታ ጥቁሯን አወለቀች፣ አጠበች፣ አጥፋ ሻንጣዋ ሥር ከተተችው። በሠርጉ ቀን በነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ ጆሮዋ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አድርጋ አዳራሹ በር ላይ ቆመች። ነጥቦቹን ቀርቦ ያላያቸው ሰው መኖራቸውንም አያውቅም።

ሙሽሮቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ከሙኒክ የመጣች የአባቴ ዘመድ ደረሰች። እናቴን ከአባቴ ሞት ወዲህ አላየቻትም ነበርና ገና ከበሩ ፊቷ ተለወጠ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ “እግዚአብሔር ያጽናዎት” እያለች ማልቀስ ጀመረች። ዘፈኑ ቀነሰ። ሰው ዞር ዞር አለ። እህቴ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና አይታ ክው አለች። እኔ ዘመዳችንን ይዤ ልወጣ ተነሣሁ።

እናቴ ቀደመችኝ። የሴትዮዋን ነጠላ በገዛ እጇ አስተካከለችላት። “ልጄ፣ እሱን አልቅሼ ጨርሻለሁ” አለቻት። “ዛሬ ልጄን እየዳርኩ ነው። እልል በይልኝ።”

ሴትዮዋ አፏን ብትከፍትም አልወጣላትም። እናቴ ራሷ ጀመረችላት። አባቴ ከሞተ ወዲህ እልልታዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሙሽራ ከወንበሯ አትነሣም ይባላል፤ እህቴ ግን ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ተነሣች፣ በሰው መሐል እየሮጠችም ወደ እናቷ መጣች።