አንድ ተጠቃሚ አለ

ባስልኤልን የማውቀው በመንገድ ነው። ለስድስት ዓመት ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ለሥራ አብረን ተመላልሰናል፤ ሰኞና ማክሰኞ በእኔ መኪና፣ የቀሩትን ቀናት በእሱ። ይህን ታሪክ በአንድ ጊዜ አልነገረኝም። ትራፊኩ ሲቆም ትንሽ ይናገራል፣ መንገዱ ሲከፈት ዝም ይላል። እሱ የዘለለውን ታሪኩ ውስጥ ካለችው ከወንጌላዊት ሰማሁ።

ዕድሜው አርባ ሰባት ነው። አዲስ አበባ ሳለ ራዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ዲቪ ደርሶት ከሚስቱ ከመቅደስ ጋር ሲመጣ ኦክላንድ ውስጥ ፓርኪንግ እየሠራ ኮሌጅ ተማረና ሳን ሆዜ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠረው። ድርጅቱ መናገር ላቃታቸው በሽተኞች የሚናገር ሳጥን ይሠራል። ምርጫዎቹ ስክሪኑ ላይ በየተራ ይበራሉ፤ በሽተኛው የፈለገው ሲበራ በጉንጩ ወይም በጣቱ አንዲት ማብሪያ ነካ ያደርጋል፣ ሳጥኑ የተመረጠውን ቃል በድምፅ ያወጣል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ያኔም አሮጌ የሚባል ነበር። የሚሠራበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በጋራ የሚያዘጋጁት፣ ማንም በነጻ የሚወስደው ነው። የሲስተሙን እምብርት ከርነል ይሉታል። ከርነሉ ለአንድ ማሽን ሲዘጋጅ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ አለው፦ ይህ ይግባ ወይ፣ ያኛው ይቅር ወይ፣ ዋይፋይ ይኑረው ወይ፣ ድምፅ ይኑረው ወይ። ሁሉንም ቁጭ ብሎ የሚመልስ ሰው የለም። ስለዚህ ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ ለስልኩም ለላፕቶፑም ለትልልቁ ሰርቨርም፣ መልሱ አስቀድሞ የተሞላበት ፋይል ይቀመጣል። ዲፎልት ኮንፊግ ነው የሚሉት። የዚያን ሳጥን ፋይል የጻፈው ባስልኤል ነው። መቶ አሥራ ሁለት መስመር ነበር። ተጠሪ ተብሎም ስሙ ተመዘገበ።

ድርጅቱ በፈረንጆቹ 2017 ተዘጋ። ባስልኤል እዚያው ሳን ሆዜ ሌላ ሥራ አገኘ። ሲወጣ ሊጣሉ የተደረደሩ ሁለት ሳጥኖች አየና ለምኖ ቤቱ ወሰዳቸው።

እትዬ ሸዋረጋ በርክሌ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በጽዳት የሠሩ ሴት ነበሩ። ባላቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል። ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከአንድ ልጃቸው ከወንጌላዊት ጋር ይኖሩ ነበር። ባስልኤልና መቅደስ እንደመጡ፣ ማንንም ሳያውቁ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሳሎናቸውን ለቀው ያስቀመጧቸው እሳቸው ናቸው። በ2019 መጀመሪያ ምላሳቸው ይይዛቸው ጀመር። ሐኪሞቹ ኤኤልኤስ ነው አሉ፤ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዝል፣ የማይመለስ በሽታ። እጅ፣ እግር፣ ምላስ በየተራ ይሄዳሉ። አእምሮ እንዳለ ይቀራል።

ኢንሹራንሱ በዓይን የሚታዘዝ ታብሌት ሰጣቸው። የሚናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ በኋላ ደግሞ የዓይናቸው ቆብ ሲወርድ ካሜራው ዓይናቸውን ማግኘት አቃተው። ባስልኤል ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱን ይዞ የሄደው ገና መናገር ሲችሉ ነው። ያን ሰመር በየቅዳሜው ፍሩትቬል እየሄደ፣ ፍሪጁን ነቅሎ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ በራሳቸው ድምፅ ቀዳላቸው። ውሃ። ትራሴን አስተካክይልኝ። በላሽ ወይ። መሽቷል ግቢ። ቁጣ ሳይቀዳ አይሆንም ብለው ሃያ የሚሆን የቁጣ ቃል አስገቡ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ድምፃቸው እየተልፈሰፈሰ ምርቃት ቀዱ። ለምን እንደሆነ ወንጌላዊት ስትጠይቃቸው፣ አንድ ቀን ሽማግሌ ይመጣብሻል፣ ያኔ እንደ እንጨት አልቀመጥም አሏት። በጠቅላላው ሺህ አንድ መቶ አርባ ቃልና ዓረፍተ ነገር ሆነ። የሳጥኑ ስክሪን ፊደል አይጽፍም፤ ሥዕልና ቁጥር ብቻ ያሳያል። የቱ ቁጥር የቱ ቃል እንደሆነ በቃላቸው አጠኑት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አንደበታቸው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት በሳጥኑ አለፉ።

ሳጥኑ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አልነበረም። ወንጌላዊት ነርስ ናት፤ በርክሌ ሥራ ላይ ስትሆን እናቷ ትን ቢላቸው ሳጥኑ በዋይፋይ ስልኳ ላይ ይደውላል። ዋይፋዩ በተለወጠ ቁጥር አሮጌው ከርነል አልገናኝ ይላል፣ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። በየዓመቱም ከርነሉን ከሚያዘጋጁት አንዱ ለባስልኤል ኢሜይል ይጽፋል፦ ይህ አሮጌ ፕሮሰሰር ለሁላችንም ሸክም ሆኗል፣ የሚጠቀምበት አለ? ከሌለ ፋይሉን እናውጣው። ባስልኤል ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድ ተጠቃሚ አለ ይላቸዋል። እነሱም ማን ነው ሳይሉ ይተዉለታል።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወንጌላዊትን ያብስራ የሚባል ፋርማሲስት ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። ቀኑ ለቅዳሜ ተቆረጠ። እትዬ ሸዋረጋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምርቃቱን ሲደረድሩ ሰነበቱ። አሥራ አንድ ቁራጭ መርጠው፣ አገጣጥመው፣ በሰባት ቁጥር ላይ አስቀመጡት። በሰባት ቁጥር ላይ ያለውን ማንም ቀድሞ እንዲሰማው አልፈቀዱም።

በዚያው ሳምንት የሕንፃው ዋይፋይ ተቀየረና ሳጥኑ መደወል አቆመ። ባስልኤል አዲሱን ከርነል አዘጋጅቶ ቤቱ ባለው በሁለተኛው ሳጥን ሞከረው። ተነሣ፣ ተገናኘ፣ ደወለ። የዚያ ሳጥን ድምፅ ማጉያ ግን ከዓመት በፊት ተነቅሎ ለእትዬ ሸዋረጋ ተሰጥቷል፤ ድምፁን በዚያ መሞከር አይቻልም። ዓርብ ማታ ከሥራ መልስ ፍሩትቬል ሄዶ ጫነላቸው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አሮጌው ተሰርዞ ነው አዲሱ የሚገባው። እሳቸው ተኝተው ነበር። ልቀስቅሳቸው ወይ ብሎ አሰበና ተዋቸው። በጣቱ አንድ ቃል ቢነካ ድምፁ ያነቃቸዋል ብሎ ያንንም ተወው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳን ሆዜ ሥራ ገብቶ ሳለ ወንጌላዊት ደወለች።

“ባስልኤል፣ ቦክሱ አይናገርም። ሪስታርት አደረግኩት። ስክሪኑ ይሠራል፣ ሳውንድ ግን የለም። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል።”

አንድ ሰዓት ከሩብ ነዳ። ሲደርስ አራቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ፣ የያብስራ አጎት አቶ ገረመው መሐል ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጥያቄው ቀርቧል፣ እሺታው ተሰጥቷል፣ የቀረው የእናት ምርቃት ነው። እትዬ ሸዋረጋ ነጭ ለብሰው ዊልቸራቸው ላይ ናቸው። በጉንጫቸው ማብሪያዋን ይነካሉ፣ ሰባት ቁጥር ይበራል፣ ምንም አይሰማም። እንደገና ይነካሉ። ወንጌላዊት እንደነገረችኝ ባስልኤል ላፕቶፑን ሰክቶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ይሠራ ጀመር። ከርነሉ ድምፁን ጨርሶ አያውቀውም። ምክንያቱን ፈልጎ እንደገና ለማዘጋጀት ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል፤ ሳጥኑን ፈትቶ የተቀዳውን ወደ ላፕቶፑ ማውጣትም እንደዚያው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ፣ ዛሬ እንደማይደርስ ነገራቸው።

አቶ ገረመው ደግ ሰው ናቸው። እናት በልባቸው መርቀዋል፣ እኛ ደግሞ በአፋችን እንጨምር ብለው ቆመው መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። እትዬ ሸዋረጋ አሜን ማለት አይችሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

ባስልኤል ምክንያቱን ያገኘው እሑድ ቀትር ላይ ነው። ከስምንት ወር በፊት አንድ በጎ ፈቃደኛ ፋይሎቹን ሲያጸዳ፣ “ድምፅ ይኑር” የምትለዋን መስመር ከባስልኤል ፋይል አውጥቷታል። ያኔ ለድምፅ ጥያቄ ምንም ካልተጻፈ ሲስተሙ ራሱ በዲፎልት “አዎ” ብሎ ስለሚሞላ መስመሯ ትርፍ ነበረች። ከአምስት ወር በኋላ ሌላ ሰው፣ በሌላ ምክንያት፣ ዲፎልቱን ወደ “አይ” ቀየረው። ሁለቱም አስቀድመው ኢሜይል ልከውለት ነበር። ተቃውሞ ካለ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሳውቁ ይላል። የመጀመሪያውን ትክክል ነው ብሎ አለፈው። ሁለተኛውን ርዕሱን ብቻ አየና የእኔን ሳጥን አይነካም ብሎ ዘጋው።

“ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ” አለኝ አንድ ጠዋት፣ መሪውን ይዞ።

መስመሯን መለሰ፣ አዲሱን ጫነ፣ እሑድ ማታ ድምፁ መጣ። እትዬ ሸዋረጋ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸው ለመመለስ ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ቁራጩን እየፈለጉ ይነካሉ።

“አንተ አይደለህም” አለ የድሮ ድምፃቸው። ከዚያ፣ “ልጄ። ለሰርጉ። ይደርሳል።”

ወንጌላዊት አሁኑኑ መርቂኝ አለቻቸው። እንቢ አሉ። ምርቃት ሰው ፊት ነው የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ሰርጉ ደግሞ ለጥቅምት ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ሳንባቸው ተያዘ። ሆስፒታል ሲገቡ ሳጥኑም አብሯቸው ገባ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ጉንጫቸው ማብሪያዋን መንካት ተሳነው። ጳጉሜ አራት ቀን አረፉ። ባስልኤል ሬሳ ካወጡት አንዱ ነበር። መቅደስ እንዳለችው ለቅሶው ቤት ለሦስት ቀን ወንበር ሲያመላልስ እንጂ ተቀምጦ አላየችውም።

ሰርጉ ወደ ጥር ተዛወረ። በታኅሣሥ ወንጌላዊት ደውላ፣ ማሚ ሰባት ቁጥር ላይ ያስቀመጠችውን ማውጣት ትችላለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ቤት ውስጥ መስማት አልፈለገችም። ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ ዳር መኪና አቁመው ከፈቱት።

እትዬ ሸዋረጋ ከሰኔ በኋላ ምርቃቱን አፍርሰው እንደ አዲስ ሲሠሩት ነበር። አሥራ አንዱ ቁራጭ አርባ ሦስት ሆኗል። “ልጄ” ብሎ ይጀምራል። የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ ይላል። ወልዳችሁ ለመሳም ያብቃችሁ ይላል። የያብስራ ስም አልተቀዳምና “ልጄ” የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእሱ መሆኑ ነው። መሐል ላይ፣ ከቁጣዎቹ ውስጥ፣ “መሽቷል ግቢ” የምትለዋን አስገብተዋል፤ ወንጌላዊት እዚያ ላይ ሳቀች፣ ሳቋም ወዲያው ለቅሶ ሆነ። መጨረሻው “ቤታችሁ” ይላል። ከዚያ በኋላ የለም።

ወንጌላዊት አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም።

“ሪስቱ፣ የቀረው ምንድን ነው? ቤታችሁ ምን?”

ባስልኤል ብዙ ዓይነት እንዳለው ነገራት። ይሙቅ የሚሉ አሉ፣ ይባረክ የሚሉ አሉ፣ እንግዳ አይጥፋበት የሚሉም አሉ። እሳቸው የቱን ሊሉ እንደነበር ግን አላውቅም አላት። ሁሉም ተቀድተው ነበር፤ የትኛውንም ከኋላው መቀጠል ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ልቀጥልልሽ ወይ አላላትም፣ እሷም ቀጥልልኝ አላለችውም።

ሰርጉ ላይ ይሰማ ወይ የሚለው ነገር ቀረ። እሷ ናት የወሰነችው። “ማሚ ሳትጨርሰው ሰው ፊት አላወጣትም” አለች። በሰርጉ ዕለት አቶ ገረመው መረቁ።

በየካቲት ያ ዓመታዊ ኢሜይል መጣ። የሚጠቀምበት አለ? ባስልኤል ለሁለት ሳምንት አልመለሰም። ከዚያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳን ሆዜ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ በእኔ መኪና ከጎኔ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ከፈተ። ፋይሉን የማውጣቱን ሥራ ለሌላ አልተወውም፤ ራሱ አዘጋጀው። መቶ አሥራ ሁለቱን መስመር ሰርዞ፣ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ፣ የመጨረሻዋ ተጠቃሚ አርፈዋል፣ ሌላ የማውቀው የለም ብሎ ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ስለታገሣችሁ አመሰግናለሁ የሚል ጨመረ። ስሙንም ከተጠሪዎች ዝርዝር አወጣ። ላከው።

መስመሯን ላወጣው ሰውና ዲፎልቱን ለቀየረው ሰው ያ ቅዳሜ ምን እንደሆነ ነግሮአቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። አልነገራቸውም።

“ምን ያደርግላቸዋል? ጠይቀውኛል እኮ” አለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኦክላንድ ስንመለስ መልስ መጣ። የመጀመሪያው፣ ተቀብለናል፣ በሚቀጥለው እትም ይወጣል የሚል ነበር። ሁለተኛውን የጻፈው መስመሯን ያወጣው ያ ሰው ነው፤ የማላውቃቸው ቢሆኑም ነፍስ ይማር የሚል ዓይነት ነገር ጽፏል። ባስልኤል አንብቦ ስልኩን በግንባሩ ዳሽቦርዱ ላይ ደፋው።

ወንጌላዊት አሁን ከባሏ ጋር ሳን ሆዜ ትኖራለች። ሳጥኑ እሷ ዘንድ ነው። ሁለተኛውን፣ ድምፅ ማጉያ የሌለውን፣ ባስልኤል የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚቀበሉበት ቦታ ወስዶ ሰጠ። ያን በመኪና ውስጥ የሰሙትን አርባ ሦስት ቁራጭ ኮፒ አስቀርቶ እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅሁት። የእኔ አይደለም አለኝ፣ ከዚያም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መንገዱን ማየት ቀጠለ።